ከታንክስጊቪንግ እስከ ገና፦ ምስጋና ለኪስ ምን ይሠራል?

በ1939 የኖቬምበር ወር አምስት ሐሙሶች ነበሩት (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አብርሃም ሊንከን በ1863 ካወጁት ጊዜ ጀምሮ የአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ የሚከበረው በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ስለነበር፣ የዚያ ዓመቱ በዓል ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ኖቬምበር 30 ላይ ወደቀ። ተሰብስቦ ለሚበላው ቤተሰብ ቀኑ ይኼም ሆነ ያ ለውጥ አልነበረውም። ነጋዴው ግን ተጨነቀ። በዚያ ዘመን የገናን ሸቀጥ ከታንክስጊቪንግ በፊት ማስተዋወቅ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ በዓሉ በዘገየ ቁጥር የገና ገበያ ያጥራል። አገሪቱም ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና አላገገመችም። የሱቅ ባለቤቶች አቤቱታቸውን ለመንግሥት አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በዓሉን በአንድ ሳምንት አስቀደሙት።

አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሽ ያህሉ ግዛቶች አዲሱን ቀን ተቀበሉ፣ ሌሎቹ በአሮጌው ጸኑ፣ ቴክሳስ ሁለቱንም አከበረች። ተቃዋሚዎቹ በፕሬዚዳንቱ ስም እየቀለዱ «ፍራንክስጊቪንግ» አሉት። ግርግሩ የበረደው ምክር ቤቱ በ1941 በዓሉ በወሩ አራተኛ ሐሙስ እንዲውል በሕግ ሲደነግግ ነው። ዛሬም የሚከበረው በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ገበታው ሳይነሣ በስልካችን ላይ የቅናሽ ማስታወቂያ ሲደረደር፣ ገበያው በዓሉን በድንገት የወረረው ሊመስለን አይገባም። ቀኑ ራሱ ሲቆረጥ ነጋዴው ከጎን ቆሞ ነበር።

የበዓሉ አመጣጥ የራሱ ውስብስብ ታሪክ አለው። በ1621 በፕሊመዝ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችና የዋምፓኖአግ ሰዎች አብረው የበሉት የመከር ድግስ በአንድ ወገን በደስታ ሲዘከር፣ በሌላው ወገን ከ1970 ጀምሮ በዚያው ከተማ በዕለቱ የሐዘን ቀን ይታሰባል። እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው። እዚህ የምናየው ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፦ ማመስገን በገንዘባችን ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? በዚህ ወቅት ስለ ገንዘብ ማንበብ የሚፈልግ ሰውስ ከምን ይጀምር?

ስለ ምስጋና በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት ሮበርት ኤመንስና ማይክል መከላ በ2003 ያሳተሙት ነው። በአንዱ ክፍሉ ተማሪዎችን ከፋፍለው ለአሥር ሳምንታት በየሳምንቱ አጭር ነገር እንዲጽፉ አደረጉ። አንዱ ቡድን የሚያመሰግንባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች፣ ሌላው ያስመረሩትን፣ ሦስተኛው ደግሞ ያጋጠመውን ማንኛውንም ነገር ይጽፍ ነበር። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፣ ስለሚመጣው ሳምንት የበለጠ ተስፋ አደረጉ፣ የአካል እንቅስቃሴም አዘወተሩ። ስለ ገንዘብ ግን ጥናቱ ያለው ነገር የለም።

የገንዘቡ ጉዳይ በ2014 መጣ። ዴቪድ ደስቴኖ፣ ዪ ሊ፣ ሊያ ዲከንስና ጄኒፈር ለርነር የተባሉ ተመራማሪዎች 75 ሰዎችን ሰብስበው ለአንዳንዶቹ ምስጋና የተሰማቸውን ጊዜ፣ ለአንዳንዶቹ ደስ ያላቸውን ጊዜ፣ ለቀሩት ደግሞ ተራ ቀናቸውን እንዲጽፉ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ምርጫ አቀረቡላቸው፦ ዛሬ ጥቂት ገንዘብ ትወስዳላችሁ ወይስ ቆይታችሁ ብዙ? ተራ ቀናቸውን የጻፉት ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ የሚያገኙትን 85 ዶላር ለመተው ዛሬ 55 ዶላር ይበቃቸው ነበር። ምስጋናን ያስታወሱት ግን 63 ዶላር ካልተሰጣቸው እሺ አላሉም። በሌላ አነጋገር፣ ለነገ ያላቸው ትዕግሥት ጨምሯል።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ደስታን ያስታወሱት ሰዎች ነገር ነው። እነሱ ከተራዎቹ አልተሻሉም፤ ለ55 ዶላር ነገን ሸጡ። ደስታ ብቻውን ትዕግሥት አላመጣም። 75 ሰው ትንሽ ነው፣ በአንድ ቤተ ሙከራ የታየ ነገርም በሱቅ በር ላይ እንዳለ ይደገማል ማለት አይቻልም። ቢሆንም አቅጣጫው ከምናውቀው ኑሮ ጋር ይስማማል። ማስታወቂያ የሚሸጥልን ደስታን ነው፦ አዲስ ቴሌቪዥን፣ አዲስ ጫማ፣ የልጆች ፊት ሲበራ። ምስጋናን የሚሸጥ ማስታወቂያ አላየሁም። ለመሸጥም የሚያስቸግር ይመስለኛል፤ ያለውን ቆጥሮ ተመስገን ያለ ሰው ደካማ ደንበኛ ነው።

በአሜሪካ የሚኖረው የእኛ ሰው ይህን ወቅት የሚያልፍበት መንገድ ከጎረቤቱ ይለያል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ቀን፣ ማለትም በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 24 ነው። ታንክስጊቪንግ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ ብዙውን ጊዜ በዓሉ ጾሙ ውስጥ ይገባል። በ2025 ኖቬምበር 27 ላይ ነበር፣ ጾሙ ከገባ በኋላ። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በሲያትል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሰሙትን ቱርክ ሲጠይቁ እናት ሽሮና ጎመን የምታቀርብበት፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ የፈረንጆቹ ገና፣ አዲስ ዓመታቸው፣ ከዚያ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7፣ ከዚያም ጥምቀት ይከተላል። ለጎረቤቱ አምስት ሳምንት የሆነው የወጪ ወቅት ለእኛ ሁለት ወር ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ውስጥ ግን ማንም የማይነግረን አንድ ጥቅም አለ። የእኛ ገና የሚመጣው ከዲሴምበር 25 በኋላ ስለሆነ፣ ሱቆቹ የተረፋቸውን የገና ዕቃ ዋጋ ሰብረው በሚያወጡበት ሳምንት መግዛት እንችላለን። የዛፍ ጌጥ፣ መብራት፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ አንዳንዴም አሻንጉሊቱ ራሱ ዲሴምበር 26 ላይ ዋጋው ይወርዳል። ለልጁ ስጦታውን በእኛ ገና የሚሰጥ ወላጅ ከዚህ ይጠቀማል። እርግጥ ልጁ በክፍሉ ካሉት ልጆች ተለይቶ እስከ ጃንዋሪ 7 እንዲጠብቅ ማሳመን ቀላል ነው አልልም። ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ ክርክሩን ያሸንፋል።

ስጋውም አለ። በጋራ ከእርሻ በግ ወይም በሬ ገዝቶ ቅርጫ መከፋፈል በባዕድ አገርም ቀጥሏል። ከልኳንዳ እየገዙ ከመጨመር በአብዛኛው ይረክሳል፣ ሒሳቡም አስቀድሞ ይታወቃል። የበዓል ኪሳራ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከታሰበው በግ ሳይሆን በየመንገዱ ከተጨመረው ነው።

የተጨመረው ደግሞ በካርድ ይከፈላል። እዚህ ላይ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በበዓሉ ወቅት 1,200 ዶላር በክሬዲት ካርድ አወጣ እንበል፤ የካርዱ ዓመታዊ ወለድ 22 በመቶ ነው። በየወሩ 40 ዶላር እየከፈለ፣ ሌላ ምንም ሳይገዛበት ዕዳውን ለመጨረስ 44 ወር ይፈጅበታል። ወለዱ ብቻ 560 ዶላር ገደማ ይሆናል። የዚህን ዓመት ገና ከፍሎ ሳይጨርስ ሦስት ሌሎች ገናዎች ይደርሱበታል። ይኸው ሰው በወር 100 ዶላር ቢከፍል ግን በ14 ወር ይገላገላል፣ ወለዱም ወደ 170 ዶላር ይወርዳል። በአራት ክፍያ ተከፋፍሎ የሚከፈለው አዲሱ የስልክ ላይ ብድር፣ በጊዜው ከተከፈለ፣ ብዙውን ጊዜ ወለድ የለውም። ጉዳቱ ሌላ ነው። አራት ዕቃ ከአራት ሱቅ የወሰደ ሰው በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጡ አራት ክፍያዎች ይኖሩበታል፤ የትኛው መቼ እንደሚቆረጥ ሲጠፋው ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ባንኩ ቅጣት ይጥልበታል።

የበዓል ወጪ በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚመጣ ነው። ቀኑ ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ይታወቃል። ሆኖም በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ ሕመም ያስደነግጠናል። አሜሪካኖቹም ይህን ያውቁታል። በ1909 በፔንሲልቬኒያ ካርላይል ከተማ አንድ ባንክ «የገና ክበብ» የሚባል ቁጠባ ጀመረ፦ ደንበኛው በየሳምንቱ ጥቂት ያስገባል፣ ገና ሲቃረብ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። አሠራሩ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ፣ በድቀቱ ዘመንም ቆየ፣ በአንዳንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበራት እስከ ዛሬ አለ። የኢኮኖሚ ባለሙያ ካየው የሚያስቅ ነገር ነው፤ ወለዱ ከምንም አይቆጠርም፣ ገንዘቡም ታስሮ ይቀመጣል። ሰዎች የከፈሉት ለመታሰሩ ነበር።

ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ዕቁብም ወለድ የለውም፤ ጥቅሙ ግዴታውና ይሉኝታው ነው። በዕጣ ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፣ በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበ። ለበዓል የሚሆን ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ዙሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንዲያልቅ አድርገው ቢጀምሩት፣ መጨረሻ የደረሰው ሰው ሁልጊዜ እንደሚያማርረው አያማርርም። ዕቁብ የማይጥለው ደግሞ በሌላ ባንክ ካርድ የሌለው ሒሳብ ከፍቶ ከየደመወዙ 25 ዶላር ቢያዞርበት፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 650 ዶላር ያገኛል። ካርድ የሌለው መሆኑ ዋናው ነገር ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። የታንክስጊቪንግ ሳምንት ብዙ ሰው ከሐሙስ እስከ እሑድ እረፍት የሚያገኝበት ነው፤ በተለይ ለቢሮ ሠራተኛ። ሆስፒታል፣ አየር ማረፊያና ሆቴል የሚሠራው የእኛ ሰው ግን ያንን ቀን ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲል ይሠራዋል፤ ስለዚህ ምክሬ በእረፍት ቀኑ ሁሉ ለማንበብ ለማይችለውም እንዲሆን ትንሽ ነው፦ አንድ መጽሐፍ፣ ከጎኑ ያለፈው ወር የባንክ መግለጫ። መግለጫው ከሌለ የገንዘብ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል፣ እንደ ልብ ወለድም ይረሳል።

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የቪኪ ሮቢንና የጆ ዶሚንጌዝን «ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን» እመርጣለሁ። የወጣው በ1992 ነው፣ ሮቢን በ2018 አድሳዋለች። ዶሚንጌዝ ዎል ስትሪት ሲሠራ ቆይቶ በ31 ዓመቱ ሥራ ያቆመ ሰው ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ሆኖ ይከብዳል፦ ገንዘብ ማለት ለሱ ብለን የሰጠነው የዕድሜያችን ሰዓት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰዓታችንን እውነተኛ ዋጋ እንድናውቅ ያደርጉናል። በሳምንት 40 ሰዓት በ20 ዶላር የሚሠራ ሰው 800 ዶላር ያገኛል። ከዚህ ላይ ለሥራው ሲል የሚያወጣውን ቤንዚን፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የውጭ ምሳና የሥራ ልብስ 120 ዶላር ይቀንስ። በሰዓቱ ላይ ደግሞ የመንገዱን፣ ደክሞ ሶፋ ላይ የሚወድቅበትን 12 ሰዓት ይጨምር። 680 ለ52 ሲካፈል 13 ዶላር ነው፣ ግብሩ ገና ሳይነሣ። በታንክስጊቪንግ ማግስት፣ በብላክ ፍራይዴይ ቅናሽ፣ በ260 ዶላር የሚሸጠው ካፖርት የ13 ሰዓት ሥራ ይመስለው ነበር፤ የ20 ሰዓት ሥራ ነው።

ደራሲዎቹ ከዚህ አልፈው በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዱን ወጪ አይተን «ለዚህ የሰጠሁት የዕድሜ ሰዓት የሚገባውን እርካታ መልሶልኛል?» ብለን እንድንጠይቅ ይፈልጋሉ። ምስጋና ብለው አልጠሩትም፤ ግን ኤመንስና መከላ በየሳምንቱ ካስጻፉት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ዋጋ መጻፉ ነው። ይህን የሞከረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ነገር ትንሽ ያስገርማል። ለቡና ጠጡ የወጣው 30 ዶላር፣ ጎረቤት የተጠራበት፣ እጣኑ የጨሰበት፣ ከሁሉ የበለጠ መልሶ ይገኛል። የረሳነውና በየወሩ የሚቆረጠው የቴሌቪዥን ክፍያ ደግሞ ምንም አልመለሰም። እንዲህ ሲሆን ወጪ መቀነስ ራስን የመቅጣት ስሜት አይኖረውም።

ጆርጅ ክላሰን በ1926 ያሳተመው «የባቢሎን ባለጸጋ» ከሁሉ አጭሩና ከሁሉ ቀላሉ ነው። በጥንት ዘመን ተረት መልክ የተጻፈ ስለሆነ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይገባዋል፣ ምንም እንኳ ቋንቋው ሆን ተብሎ የጥንት መልክ ቢሰጠውም። ዋና ምክሩ ካገኘኸው ከአሥር አንዱን ለራስህ አስቀር የሚል ነው። አሥራት የሚያወጣ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ከላይ፣ ሌላው ሁሉ ሳይነካው ይወጣል። የክላሰን ጭማሪ ሁለተኛ አሥራት ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። የቤት ኪራይ የደመወዙን ግማሽ በሚወስድበት ከተማ አሥር በመቶ ሊከብድ ይችላል፤ በሦስት በመቶ መጀመርና ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር አንድ አንድ መጨመር ይሻላል።

የ1996ቱ «ጎረቤትህ ሚሊየነር» ቶማስ ስታንሊና ዊልያም ዳንኮ ሀብታሞችን እየጠየቁ የጻፉት ነው። ብዙዎቹ ሚሊየነሮች ተራ ሰፈር የሚኖሩ፣ ካላቸው በታች የሚያወጡ ሰዎች ሆነው አገኟቸው። መጽሐፉ ጠቃሚ ነው፣ ግን በጥንቃቄ ይነበብ፦ የተጠየቁት የተሳካላቸው ብቻ ናቸው። እንዲሁ ቆጥበውና ነግደው የከሰሩት አልተጠየቁም። ለእኛ የሚበጀው ክፍል ስለ ታይታ የሚለው ነው። ሠርግ፣ ክርስትናና ልደት አዳራሽ ተከራይቶ፣ በብድር የሚደገስበት ማኅበረሰብ ያንን ምዕራፍ ሳያፍር ሊያነበው አይችልም።

ከአዲሶቹ የሞርጋን ሃውዝል «የገንዘብ ሥነ ልቡና» በ2020 ወጣ። ሲጀምር የሚያነሣው ሮናልድ ሪድ የተባለ የቬርሞንት ሰው ነው፤ ዕድሜውን ነዳጅ ማደያና የጽዳት ሥራ ላይ ያሳለፈ። በ2014 በ92 ዓመቱ ሲሞት 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበረው ታወቀ። ከዚያ ላይ 4.8 ሚሊዮን ለከተማው ሆስፒታል፣ 1.2 ሚሊዮን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ተናዘዘ። ሎተሪ አልወጣለትም፣ አልወረሰም። ትርፍ ገንዘቡን የታወቁ ኩባንያዎች አክሲዮን እየገዛበት ለአሥርት ዓመታት አልነካውም። ሃውዝል ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት ስለ ጊዜ ነው። በወር 100 ዶላር ለ30 ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ከኪሱ 36,000 ዶላር ያወጣል። ገንዘቡ በዓመት በአማካይ 6 በመቶ ቢያድግ ወደ 100,000 ዶላር ይሆናል። 6 በመቶውን ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ 30 ዓመቱን ግን ዛሬ የጀመረ ሰው ብቻ ያገኘዋል። በመጽሐፉ ውስጥ «ይበቃል» ስለማለት የተጻፈ አጭር ምዕራፍ አለ፤ ጊዜ የሌለው ሰው እሱን ብቻ ቢያነብ ቅር አይለኝም።

አራቱም መጻሕፍት አንድ ወጪ አያውቁም፤ ወደ አገር ቤት የሚላከውን። በአሜሪካኖቹ የበጀት ሠንጠረዥ ስጦታ አለ፣ እርዳታ አለ፤ ያስተማረችን ታላቅ እህት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትጠብቅበት መደብ የለም። የእኛ ምስጋና በአፍ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ውለታ መመለስ አለበት። ይህን ብክነት ነው የሚል አማካሪ ቢያጋጥም ምክሩን ትቶ መሄድ ይሻላል። ችግሩ የመላኩ ሳይሆን የአላላኩ ነው። በየበዓሉ ስልክ ይደወላል፣ በየስልኩ ይላካል፣ የዓመቱ ድምር ግን አይታወቅም። ያለፈውን ዓመት የላኪ ድርጅቱን ደረሰኞች ደምሮ ለአሥራ ሁለት ማካፈል አንድ ሰዓት አይፈጅም። ድምሩ 2,400 ከሆነ በየወሩ 200 ዶላር ለዚሁ ብቻ ይቀመጥ። እማዬም እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ላይ ስንት እንደሚመጣላት ብታውቅ፣ ከሁለቱ ወገን ጭንቀት ይቀንሳል። ብዙ ወላጆች መቼ እንደሚመጣ ከማይታወቅ ብዙ ገንዘብ ይልቅ ቀኑን የጠበቀ ጥቂት ገንዘብ የሚመርጡ ይመስለኛል፤ ጠይቀናቸው ስለማናውቅ ነው እንጂ።

መጠኑን ስናስብ ሁለት ነገር ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋውም አብሮ ስለወጣ፣ የሚላከውን በብር ብዛት ከመለካት ጤፉና ዘይቱ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ተከፍሎ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ የፌዴራል ግብር አለ። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ የሚላከውን ግብሩ አይነካውም። ላኪ ቤት ሄዶ ጥሬ ገንዘብ የሚቆጥር ዘመድ ካለ ይህን መንገር ነው።

ከሻይ በኋላ የሚነሣ አንድ ወሬም አለ፤ ወደ አገር ቤት የላክኸውን ከግብር ታስቀንሳለህ የሚል። አይቻልም። ለዘመድ የተላከ ገንዘብ በሕጉ የበጎ አድራጎት ስጦታ አይደለም፤ ዜግነት ወይም የአሜሪካ ነዋሪነት የሌላቸውን፣ ኢትዮጵያ ያሉ ወላጆችም ጥገኛ ብሎ መመዝገብ አይፈቀድም።

የዓመቱ ማለቂያ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ወረቀቶች መታየት አለባቸው። ሜዲኬር ያላቸው አረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ዕቅዳቸውን የሚለውጡት እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ አባባና እማማ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ከተው እንደሆነ ታንክስጊቪንግ ላይ ሲሰበሰቡ ይጠየቁ። ማርኬትፕሌስ በሚባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ በኩል የሚገዛ ሰው ሽፋኑ ጃንዋሪ 1 እንዲጀምርለት እስከ ዲሴምበር 15 ይመዝገብ። በሥራ ቦታ ለሕክምና የተቀመጠ ኤፍ ኤስ ኤ ካለ፣ አሠሪው ማሸጋገር ካልፈቀደ በቀር ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይቀራል፤ መነጽር ለመቀየር ጥሩ ወር ነው። ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ የዓመቱ መዋጮ በዲሴምበር ደመወዝ ያበቃል። አሠሪው የሚጨምረው ድርሻ ካለ ያንን ሙሉውን ሳያገኙ በሌላ ቦታ መቆጠብ አያዋጣም፤ 50,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው 3 በመቶ ሲያስገባ አሠሪው ያንኑ ያህል ቢጨምርለት፣ 1,500 ዶላር በነጻ መጣ ማለት ነው። በግል የሚከፈተው የጡረታ ቁጠባ፣ አይ አር ኤ፣ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 15 ጊዜ አለው፣ ላለፈው ዓመት ብሎ ማስገባት ይቻላል።

መጻሕፍቱን መግዛት አያስፈልግም። በሞንትጎመሪም ሆነ በፌርፋክስ አውራጃ የሚኖር ሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ በነጻ ያወጣል፤ ሊቢ በተባለው የስልክ መተግበሪያም መጻሕፍቱን ማንበብም ማዳመጥም ይቻላል። ታክሲ ወይም ጭነት መኪና ላይ ለሚውል ሰው የድምፁ ይመቻል። የሃውዝል መጽሐፍ በድምፅ ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ ሐሙስ ጠዋት ከዋሽንግተን ተነሥቶ ኮሎምበስ ኦሃዮ ላለው ዘመዱ የሚነዳ ሰው ከመድረሱ በፊት ይጨርሰዋል።